የጎደለው አግዳሚ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ስልኩን ይዞልኝ መጣና አንድ የፈረንጅ ሽማግሌ አሳየኝ። ሰውየው የድሮ መኪና ሻንሲ ይሠራል። ከጎኑ አዲስ ብረት ተቆልሎ እያለ፣ የመኪናው እኩያ ካልሆነ አልነካም ብሎ ከዝገት ክምር ውስጥ ዕቃ ይለቅማል። «እማማ፣ ይሄ ሰው ጤነኛ ነው?» አለኝ ልጁ እየሳቀ። አብሬው ልስቅ ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። እንዲያ ያለ ሰው አውቃለሁ። አባቴ ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ፣ ቤታችንም ጋሸና፣ መገንጠያው ላይ። አባቴ በልጅነቱ ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ሥር ሙያ የለመደ ሰው ነው። የገበሬ ማኅበሩ ደግሞ ቁልቁለት ላይ የተገለበጠ አሮጌ ካሚዮን ነበረው። ሻንሲው፣ ማለት ሞተሩንም ጭነቱንም የሚሸከመው የመኪናው አጥንት፣ እንዳልሆነ ሆኗል። በዚያው ሰሞን የታላቅ ወንድሜ የይመር ስም ለዘመቻ ከተጻፉት ውስጥ ገባ። ሊቀ መንበሩ ቤታችን ድረስ መጣና አባቴን፣ «ካሚዮኑን እስኪያነሱት ልጁ ይርዳዎ። ሲነሳም የማኅበሩ ሾፌር ይሆናል፤ እህል ያመላልሳል» አለው። መኪናው ከተነሳ ይመር ተረፈ። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ከወልድያ አዲስ ብረት አስመጣለሁ፣ በያጅም አመጣለሁ ቢል አባቴ እንቢ አለ። «የዛሬ ብረት ከድሮ ብረት ጋር አይውልም። ያኛው ለስላሳ ነው፣ ይሄ ግትር። ዳገት ላይ አንዱ አንዱን ይበላዋል።» ብየዳም አልፈልግም፣ ድሮ እንደተሠራው በጋለ ምስማር ተቀጥቅጦ ይያያዛል አለ። እኔ ወናፍ እነፋለሁ፣ ይመር መዶሻ ይመታል።

ዕቃው ከየት ይምጣ? የዚያ ካሚዮን መንትያ ከብዙ ዓመት በፊት በላሊበላ መንገድ ላይ ቆሞ ቀርቶ፣ አገሩ እንደ ቅርጫ በሬ ተከፋፍሎታል። አንዱ ገበሬ ባሌስትራውን፣ ጭነት ሲበዛ የሚተጣጠፈውን ብረት፣ ማረሻ አስደርጎታል። አንዷ ሴትዮ የፍሬኑን ከበሮ የዶሮ ውሃ ማጠጫ አድርጋዋለች። የሻንሲው ረጅም ጎን ወደ ሙጃ በሚወስደው መንገድ፣ ጅረት ላይ ድልድይ ሆኗል። ይመር ከመንደር ከወጣ ፍተሻ ላይ ስለሚያዝ፣ ለቃሚዋ እኔ ሆንኩ፤ እኔና አንዲት ግራጫ አህያ።

ክረምቱ በዚህ አለቀ። የብረቱ ሽታ ከእጄ አልወጣ ብሎ ቆሎ ስቆረጥም እንኳ ዝገት ይሸተኛል። አምጥቼ ሳወርድ አባቴ በመዶሻ ጠቅ፣ ጠቅ አድርጎ ያዳምጥና፣ «ይሄ ልጁ ነው። ሂጂ፣ አባቱን አምጪልኝ» ይላል። አንዳንዴ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። የሰው ነፍስ ተይዞ ሳለ በብረት ዕድሜ መጨነቅ ምን ይባላል እያልኩ።

ኅዳር ላይ አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ሁለቱን ጎኖች መሃል ላይ የሚያያይዘው፣ ስድስት ቀዳዳ ያለው አግዳሚ። ብልባላ አካባቢ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ባለ ስድስት ቀዳዳ ብረት እንደ ደወል ተሰቅሎ ይመታል የሚል ወሬ ከገበያተኛ ሰማሁ። አንድ ትርፍ የጎማ ቸርኬ አህያዋ ላይ ጭኜ ወጣሁ።

ቄሱ ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ከጋሸና ድረስ የመጣሽው፣ የእስላም ልጅ ሆነሽ፣ ደወል ልትሰርቂኝ ነው?» አሉኝ።

«ልለውጥዎ ነው እንጂ አባ። እስኪ ይህን ይምቱትና ይስሙት።»

ቸርኬውን ዛፉ ላይ አንጠልጥለው መቱት። ድምፁ ገደሉን ተሻግሮ ሄደ። «ውይ! ይሄስ እዚያ ማዶ ያለውንም ሰነፍ ይቀሰቅሳል» ብለው ሳቁ፤ በሶም አስበጥብጠው አጠጡኝ።

መመለሻው ሦስት ቀን ፈጀ። ጋሸና ስገባ ሊቀ መንበሩ ደጃችን ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። እኔ ምን አስቤ፣ ገና ከመንገዱ፣ «አባየ! ተገኘ!» ብዬ ጮህኩ። ሊቀ መንበሩ ብድግ ብሎ ራሱ ከአህያዋ አወረደው፣ ራሱ ከሻንሲው ላይ አጋደመው። ስድስት ቀዳዳ በስድስት ቀዳዳ ላይ ልክክ አለ።

«ገጠመ?» አለ።

አባቴ መዳፉን ብረቱ ላይ ብዙ አቆየ። ይመር መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። እናቴ ወደ ቤት ገባች።

«ገጠመ» አለ አባቴ። «የዚች ልጅ ዓይን አይስትም።»

ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት እራቴን አልበላሁም።

በሳምንቱ የመጨረሻው ምስማር ተመታ። በማግስቱ ወታደሮች ወረቀት ይዘው መጡ። ካሚዮኑ ከነሾፌሩ ወደ ጦር ግንባር ነው። ለካ ሊቀ መንበሩ፣ የእህሉ ነገር ቀርቷል፣ መኪናውን ሠራዊቱ ይፈልገዋል ብሎ ለአባቴ ከነገረው ሁለት ወር አልፎታል። ሻንሲው እስካላለቀ ድረስ ግን ይመር ከቤት አይወጣም፤ አባቴም ሥራውን ያጓትት ነበር። በየቀኑ ካመጣሁት ብረት ውስጥ የትኛው በእውነት እኩያ እንዳልነበረ፣ የትኛው እያወቀ እንደመለሰው ዛሬም አላውቅም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» ብዬ እናቴ ላይ ጮህኩ።

«አንቺ ሆድሽ ወሬ አያሳድር! ማታ ብንነግርሽ ሲነጋ ገበያው ይሰማዋል» አለች። እውነቷን ነው። አባቴ ግን አንዲት የወቀሳ ቃል ሳይናገረኝ ሞተ። ያን ዕለት ካሚዮኑ ይመርን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ቆሞ አይቶታል። ሻንሲው አልተንቀጠቀጠም። ልጁን የሚወስድበትን መኪና ሲሠራ እንኳ በሙያው አላጭበረበረም፤ ይህንንም ሳስበው ይደክመኛል።

ይመር መንግሥት ሲለወጥ በእግሩ፣ ምርኩዝ ይዞ ተመለሰ። አባቴ ያን ቀን ለማየት አልደረሰም። ካረጀን በኋላ አንድ ቀን ወልድያ ቤቱ ተቀምጠን፣ «ያን ቀን ምናለ በዓይንህ እንኳ ብትጠቅሰኝ? ብረቱን መንገድ ላይ ጥዬው እመጣ ነበር» አልኩት።

«መቼ ልጥቀስሽ? ጮኸሽ ነው የደረስሽው» አለና ሳቀ። ቆየት ብሎ፣ «ደግሞ ያን ያህል ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም ነበር» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የፈለግሁት ነገር ሲገኝልኝ ቶሎ እልል አልልም። መጀመሪያ ዙሪያዬን አያለሁ፤ ዝም ያለ ሰው ይኖር እንደሆነ።