የመሪጌታ ገብረ ጻድቅ ሳጥን

ፍቅርተማርያም አሮጌ ዕቃ ስትገዛ ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ታሸተዋለች። ወንበርም ይሁን ቁምሳጥን ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን እንጨቱ ላይ ትደቅናለች። ከዚያ ወይ «ጥድ ነው» ብላ ፈገግ ትላለች፣ ወይ ደግሞ «ባሕር ዛፉን ዝግባ ነው ብለህ ልትሸጥልኝ ነው?» ብላ ሻጩን ታፋጥጠዋለች። የደብረ ብርሃን ቁራሌዎች ጠባይዋን ስለሚያውቁ የተሰበረና ያረጀ የቤት ዕቃ ሲያገኙ ከሌላው ሰው በፊት ጠባሴ ሰፈር ያለውን የእሷን በር ያንኳኳሉ።

የተወለደችው ደነባ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ደብረ ብርሃን መጥታ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ከማሽን ጋር ስትጯጯህ ኖረች። ባሏን ቀበረች፣ ሁለት ልጆቿን አሳድጋ ወደ አዲስ አበባ ሸኘች፣ ከዚያ ጡረታ ወጣች። ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቷ ሦስት እግር የቀረውን ወንበር ሊማግደው ሲል አየችውና «ምን አደረገህ?» ብላ ከእጁ ቀማችው። የጎደለውን እግር ከመጥረጊያ ዘንግ ይሁን ከምን እንጃ፣ ብቻ ከአንድ ነገር ጠርባ ሠራችለት። ወንበሩ ቆመ። እሷም አብራ የቆመች ያህል ተሰማት።

ሰፈሩ መጀመሪያ ስቆባታል። «በዚህ ዕድሜ ሰው የጸሎት መጽሐፍ ይይዛል እንጂ መጋዝ ይይዛል?» ያላት ሰው አለ። ያው ሰውዬ በዓመቱ የእናቱን አልጋ ተሸክሞ መጣ። ጓሮዋ በቆርቆሮ የተጠለለ ጠባብ ሥራ ቤት ሆነ። መላጊያ፣ መሮ፣ ኮላ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ ተደረደረበት። ከፋብሪካ በተረፈ የሱፍ ቁራጭ ለወንበሮቹ መቀመጫ ትሰፋለች፤ ቀለም ማዛመድ ላይ ደግሞ ማንም አይደርስባትም። አብዛኛውን ሠርታ ለሚወዳት ሰው ትሰጠዋለች፣ የተቀረው ቤቷን ሞልቶ መተላለፊያ አሳጥቷታል።

አንድ ደንብ ነበራት። አሮጌ ቀለም፣ ጥላሸት፣ የሰው እጅ ወዝ፣ አንዱም አይቀርም፤ እንጨቱ እንደ ተጠረበ ዕለት እስኪነጣ ትፍቀዋለች። በድሮው ላይ አዲሱን መቀባት ሳይታጠቡ ነጭ መልበስ ነው ትላለች። ዕድፍ ማየት አትችልም፣ ተፈጥሮዋ ነው።

ያ ሳጥን የመጣው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። ያመጣው ጃፈር ነው። ጃፈር የአሊዩ አምባ ሰው ሆኖ በአሮጌ አይሱዙው ከቆላ እስከ ደጋ አሮጌ ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ፣ አፉ ለስላሳ፣ ሚዛኑ ትክክል የሆነ ነጋዴ ነው።

«እትዬ ፍቅርተ፣ ይኼን ያሽትቱትና ይፍረዱ» አላት ከመኪናው እያወረደ። «አንኮበር መሪጌታ ገብረ ጻድቅ የሚባሉ ሽማግሌ ሞተው ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ መጥተው የቤቱን ዕቃ ሸጡት። ወላሂ ሳየው ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ከአንድ ግንድ የወጣ የሚመስል የጥድ ሳጥን ነበር፤ ማዕዘኖቹ ያለ ምስማር እርስ በርስ የተነካከሱ፣ ማጠፊያው ቀጥቃጭ የሠራው። ፍቅርተማርያም አሸተተችው፣ ዳሰሰችው፣ ልቧ ጠፋ። ጃፈር እንደሄደ ክዳኑን ከፈተች። የክዳኑ ውስጠኛ ፊት በጥላሸት ጠቁሯል። በእርጥብ ጨርቅ ስታሸው ከጥላሸቱ ሥር ጽሕፈት ብቅ አለ።

ደቃቅ ጽሕፈት ነው፣ ከላይ እስከ ታች በመስመር በመስመር የወረደ። ጥቁሩ ቀለም ደብዝዟል፣ ቀዩ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ወለተ» የሚል አየች። ዝቅ ስትል «ወልደ»፣ ዝቅ ስትል «ገብረ»። የክርስትና ስሞች ናቸው። የሠላሳ፣ የአርባ ሰው የክርስትና ስም፣ በቀይ ቀለም፣ በመሪጌታ እጅ፣ በሳጥን ክዳን ውስጥ ተደብቆ!

እጇን እንደ እሳት ሰበሰበችው። ያደገችበትን ነገር ታውቃላችሁ። የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ሊደግምበት ይችላል ተብላ ነው ያደገችው። እናቷ የእሷን ስም የነገረቻት በሩን ዘግታ በጆሮዋ ነው። ታዲያ አንድ መሪጌታ የአገሩን ሰው ስም ለቃቅሞ ሳጥን ውስጥ ምን ያደርግለታል? ሌላ ምክንያት ፈጽሞ አልታሰባትም። ድግምት ነው ብላ ቆረጠች፣ ያልታደሉትን ሰዎች ከእስራታቸው ልታስፈታቸው ተነሳች። በመላጊያ ላጠችው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገችው። አንዱንም ስም እስከ መጨረሻው አላነበበችም፤ ማንበቡ ራሱ የሚያስተባብር መስሏት ነው። ፍቅፋቂውን አቃጠለች፣ ሳጥኑ ላይ ጠበል ረጨችበት፣ ከዚያ በተልባ ዘይት አሸችው። በሕይወቷ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርታ አታውቅም። ሳሎኗ መስኮት ሥር አኖረችውና ለመጣው እንግዳ ሁሉ አሳየችው። ማን ይፈርድባታል? ደግ ሥራ የሠራች መስሏት ዘጠኝ ወር ሙሉ ስትደሰት ከረመች።

በጥር ወር አንድ ጠዋት ጃፈር ባዶ እጁን መጣ። ከኋላው ከል የለበሰች፣ ዘንግ የያዘች ሴት አለች። ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታልና ደረጃውን የወጣችው በእግሯ እየዳበሰች ነው።

«እትዬ፣ እኚህ እመት አመተ ማርያም ይባላሉ፣ ከአንኮበር ነው የመጡት» አለ ጃፈር። «የመሪጌታን ሳጥን የገዛው እኔ መሆኔን ሰምተው ገበያ ድረስ ወርደው አገኙኝ። ላስቸግርዎ አልፈለግኩም፣ ግን ነገራቸውን ስሰማ አልቻልኩም።» መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞት ስለነበር ወደ ውጭ ተመለሰ።

አመተ ማርያም ተቀመጠች። ውሃ ቢቀርብላት አልነካችውም።

«የእህቴ ልጅ ሞተብኝ» አለች። «ሮዳስ ይባላል። እህቴ እሱን ወልዳ በሳምንቷ አረፈች፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ሾፌር ነበር። ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር አሉ፣ መኪናው ገደል ገባ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው።»

ፍቅርተማርያም ነፍስ ይማር አለች።

«ስንቀብረው ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ፣ ጠፋኝ። የክርስትና አባቱ ሞቷል። ልጁም ሲጠየቅ 'አክስቴ ታውቀዋለች' ነበር የሚለው፣ እኔ ደግሞ አንድም ቀን ጠርቼው አላውቅ! ያለ ስም ተፈታ። 'ስሙን አንተ የምታውቀው አገልጋይህ' እያሉ ፈቱት። እንደ ወደቀ መንገደኛ።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ ጊዜ ስታስበው የኖረችው ነገር ስለሆነ ይመስላል። «ኋላ ግን ትዝ አለኝ። መሪጌታ ክርስትና የተነሳውን ልጅ ሁሉ ስም ይጽፉ ነበር። 'ሰዉ ስሙን እየደበቀ ይዞት ይሞታል፣ በተዝካሩ የሚጠራው ያጣል' ይሉ ነበር። መዝገብ ቢይዙ የማንም እጅ ይገባል ብለው ሳጥናቸው ክዳን ላይ ነበር የሚጽፉት። የሮዳስን ሲጽፉ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። አርባው ሊደርስ አሥር ቀን ነው የቀረው። እኔ ማንበብ አልችልም፣ ዓይኑም የለኝ። እባክዎ ያንብቡልኝ።»

ሳጥኑ ክንዳቸው የሚደርስበት ቦታ ነበር። ፍቅርተማርያም ተነስታ ክዳኑን ከፈተችው፤ አለመክፈት አልቻለችም። እንጨቱ ንጹሕ ነው፣ የጥድ መስመሩ አንድ በአንድ ይታያል። አመተ ማርያም ወደ ማጠፊያው ድምፅ ዞራ ጠበቀች።

አንድ ስም ብትነግራት ማንም አያውቅባትም። ወልደ ሚካኤል ብትል፣ ወልደ ሰንበት ብትል፣ ይህች ሴት እግሯን ስማ ትመለሳለች፣ ልጁ በአርባው ስም ተጠርቶለት ይፈታል፣ ልቧ ያርፋል። ቢገጥምስ? እንዲህ እያለች አፏ ተከፈተ።

«ወልደ...» አለች።

አመተ ማርያም ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ወልደ ማን?»

ያን ፊት አይታ መጨረስ አቃታት። ሟቹን የሌላ ሰው ስም አሸክማ ልትሸኘው መሆኑ ያኔ ገባት።

«የለም፣ እናቴ» አለች። «ምንም የለም። ፍቄዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ስሙን ሁሉ። ድግምት መስሎኝ ነው። ሳላነበው ላጥኩት፣ አቃጠልኩት።»

አመተ ማርያም ዘንጓን አነሳች። ከዚያ እየዳበሰች ወደ ሳጥኑ ቀረበችና መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። ከላይ እስከ ታች አንዴ ዳሰሰችው። ልስላሴው በዓይን ሳይሆን በእጅ የሚታይ ነውና ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

«ስንት ሰው ነበር?» አለች።

«ሠላሳ። አርባም ሊሆን ይችላል።»

አልተራገመችም። ብትራገም ይሻል ነበር። «ጃፈርን ይጥሩልኝ» አለች፣ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ፍቅርተማርያም መላጊያ አልነካችም። ጓሮ ስትገባ የፋቀቻቸው ዕቃዎች ሁሉ ይታዩአታል። አንድ አልጋ ራስጌው ላይ የልጅ ጥርስ የሚመስል ምልክት ነበረው፤ አንድ ቡፌ ውስጥ በእርሳስ የተቆጠረ ነገር ነበር። ሁሉንም ዕድፍ ብላዋለች። ማንን አጥፍታ ይሆን? የምትጠይቀው ሰው የለም። እህል አልበላ ብሏት ሰነበተች፤ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ነገረቻቸው፣ እሳቸው ቀኖና ሰጧት። እሷ ግን ቀኖናውን ፈጽማም አልቀለላትም።

አርባው በዋለበት ዕለት ማለዳ ጃፈር ሳጥኑን መኪናው ላይ ጫነላት፤ እሷም ከፊት ተቀመጠች።

«ምን ሊያደርጉት ነው እትዬ?»

«እኔንጃ ጃፈር። ባለቤቶቹ ይዩት።»

የአመተ ማርያም ደጅ ላይ ዳስ ተጥሏል። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ተቀምጧል። ሳጥኑ ዳሱ መሐል ሲቀመጥ አሮጊቶቹ አወቁትና አጉረመረሙ። ፍቅርተማርያም ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች።

«የመሪጌታ ሳጥን ነው» አለች። «የናንተን ስም ጽፈውበት ነበር። ድግምት መስሎኝ የፋቅሁት እኔ ነኝ። እሳቸውን በልቤ ጠንቋይ ብያቸዋለሁ። ይቅር በሉኝ አልልም፣ ግን ማን እንዳጠፋው እወቁት ብዬ መጣሁ።»

«እኒያን አባት?» አለ አንድ ሽማግሌ። «ረሃብ በገባ ጊዜ ቀለባቸውን ያካፈሉንን?» ተነስቶ ከዳሱ ወጣ። ሁለት ሴቶች ተከተሉት።

የደብሩ ቄስ ሠረቀብርሃን «ስማችሁን የምታውቁ ንገሯት፣ መልሳ ትጻፍ። ጽሕፈት ታውቂያለሽ አይደል?» አሉ። ፍቅርተማርያም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። መሮዋን ይዛ መጥታለች። ማንም ግን አልተንቀሳቀሰም። የክርስትና ስም በሰው ፊት አይነገርም፤ ለዚያች ሴት ደግሞ ጨርሶ። አንዷ ጉልበቷን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች፤ የእሷን ስም የሚያውቁት መሪጌታ ብቻ ነበሩ።

ያኔ አመተ ማርያም ተነሳች። ዘንጓን ለጎረቤቷ ሰጥታ ቅድም ድምፅዋን ወደ ሰማችበት መጣችና የፍቅርተማርያምን ትከሻ ዳብሳ አገኘችው።

«መጀመሪያ ለሮዳስ አንድ መስመር ተዪለት» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ባዶ ነው ብለሽ ሌላ ሰው እንዳታስገቢበት። የኔን ከሥሩ ጻፊው። ከላይ ጀምሮ የሚያነብ ሰው እሱን ሳያስብ እኔ ጋ አይደርስም።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ሰው ከሚጠራት ሌላ የሆነውን የክርስትና ስሟን በጆሮዋ ነገረቻት።

ፍቅርተማርያም ክዳኑን ጉልበቷ ላይ አጋደመችው። እንባዋ እንጨቱ ላይ ሲወድቅ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። የመጀመሪያውን መስመር አለፈችና ከሁለተኛው ጀመረች።