ለወሰንየለሽ ትከሻ የሚሆን ጠመንጃ

ወሰንየለሽን በስልክ ብቻ የሚያውቃት ሰው ግዙፍ ሴት ትመስለዋለች። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ሳቋ ደግሞ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። በአካል ሲያገኛት ግን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የምታክል ሴት ፊቱ ቆማለች። የምንሠራው አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እኔ ኩሽና ነኝ፤ እሷ አልጋ ላይ የዋሉትን ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ታለብሳለች። አንድ ቀን እጥፍዋን የሚመዝን ሰውዬ ብቻዋን አገላብጣ አንሶላ ስትቀይር አየኋትና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ጉልበት የት ነው የምታስቀምጪው?» አልኳት። «ጫማዬ ውስጥ፣ እትዬ ውቤ» አለችኝ።

ኮሎምበስ፣ ሊንደን የሚባለው ሰፈር ውስጥ ጎረቤታሞች ነን። ከኔ ቤት ወደሷ ለመሄድ ክሊቭላንድ አቬኑን መሻገር ብቻ ነው። ቤቱን ከባሏ ከካሳሁን ጋር የገዙት ወረርሽኙ ሊገባ ዓመት ሲቀረው ነው። ካሳሁን በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው። የኩሽናውን መደርደሪያ የሰቀለው እሱ ነው፤ በራሱ ቁመት ልክ ሰቅሎት ሄደ። ወሰንየለሽ ስኳር ለማውረድ ወንበር ላይ ትወጣለች። «እኔ እኮ ባል ሳይሆን መሰላል ነው ያገባሁት፤ እሱም ስፈልገው ቤት የለም» እያለች ትስቅ ነበር።

እውነትዋን ነው፣ ቤት የለም። ካሳሁን የረጅም መንገድ ትራክ ነው የሚነዳው። ዛሬ ቴክሳስ፣ ነገ ነብራስካ፣ ከነገ ወዲያ እግዜር ይወቅ። ሲጀምር ስምምነታቸው ግልጽ ነበር። አንድ ዓመት ረጅሙን መንገድ ይሠራል፤ ከዚያ እዚሁ ኮሎምበስ ሎካል የሚሉትን የቅርብ መንገድ ሥራ ይዞ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል፤ ከዚያ ልጅ ይወልዳሉ። ዓመቱ ሞላ። ወረርሽኙ መጣና ጭነቱ በዛ፣ «አሁንማ እንዴት ይለቀቃል» ተባለ። ሁለተኛውም ዓመት ሞላ። ወሰንየለሽ ሠላሳ ስምንት ዓመቷን ያዘች። «ሎካሉን ሲይዝ» የማትልበት ቀን አልነበረም። ምንጣፉ የሚቀየረው ሎካሉን ሲይዝ ነው፤ ትንሿ ክፍል ቀለም የምትቀባው ሎካሉን ሲይዝ ነው። እኔ ዝም ማለት ተፈጥሮዬ አይደለም፤ በዚህ ነገር ግን ዝም አልኩ። ተስፋ የሚያደርግን ሰው ምን ይሉታል?

በዚያ ሁሉ ጊዜ ትዳራቸው ስልክ ውስጥ ነበር። እሷ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እሱ ወዲያ ማዶ ይነዳል። አያወሩም። የሚሰማው የሞተሩና የጎማው ድምፅ ነው። አልፎ አልፎ እሱ ያስላል፣ እሷ «ውሃ ጠጣ» ትለዋለች። እንዲህ ሆነው ሰዓታት ይቆያሉ። አንድ ቀን ቤቷ ገብቼ «ከማን ጋር ነሽ?» ብላት፣ «ከካሳሁን ጋር፤ አሁን ኢንዲያና ገባን» አለችኝ። «ገባን» ማለቷ አንጀቴን በላው። እያደር ግን እሱ «ጭነት የሚመድበው ዲስፓቸር ኮል እያደረገኝ ነው፣ ቆይ መልሼ እደውላለሁ» ማለት አበዛና ስልኩ እያጠረ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑም በዙም ሆኗል፤ ሰው ሰው ቤት መሄድ ፈርቷል። ልጅቷ ከሥራ ውጪ የሰው ፊት ሳታይ የምትሰነብትበት ሳምንት ብዙ ነበር።

በ2021 ኤፕሪል ላይ ነው ነገሩ የመጣው። የሌሊት ሥራ ሠርታ ቀን ተኝታ ሳለ አንዱ የጓሮ በሯን መስታወት ሰበረው። እጁን አስገብቶ ቁልፉን ሲፈልግ ደረሰችና በዚያ ድምፅዋ ጮኸችበት። ሰውየው አጥሩን ዘሎ ጠፋ፤ ያንን ድምፅ ሰምቶ ማን ይቆማል! ፖሊስ መጣ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ለካሳሁን ስትደውል እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ታሪኩን ነግራው ስታበቃ ጠበቀች። «መጣሁ» የሚላትን ነበር የምትጠብቀው፣ ፊቷ ላይ ይነበባል። እሱ ግን «አይዞሽ፣ ለቤት የሚሆን ጠመንጃ እንገዛለን» አለ። «እሺ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ አላት።

ሆም ታይም የሚሉትን የቤት ዕረፍት አግኝቶ ሲመጣ ከትራክ ጓደኛው ትልቁን ሾትገን፣ ቱዌልቭ ጌጅ የሚሉትን ተውሶ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የተኩስ መለማመጃ ወሰዳት። ትልቅ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ሌባ ገና ሲያየው ይሮጣል ብለውታል ጓደኞቹ። በማግሥቱ ሥራ ላይ ልብሷን ገለጥ አድርጋ ትከሻዋን አሳየችኝ። ከአንገቷ እስከ ክንዷ ጠቁሯል። ጉንጯም አብጧል። ለሳምንት ያህል አንድ ሽማግሌ እንኳ ማገላበጥ አልቻለችም። «እጄ ደካማ ነው፣ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» አለችኝ። ሰው ስታገላብጥ የምትውልን ሴት እጇ ደካማ ነው ብለው አሳመኗት! ተናድጄ ካሳሁን ጋ ደወልኩ። «ሌባው ያላደረሰባትን አንተ አደረስክባት» አልኩት። «እትዬ ውቤ፣ በሚቀጥለው ስመጣ እርስዎም አብረውን ይሄዳሉ» ብሎ አበረደኝ።

የሚቀጥለው መምጣቱ ኦክቶበር ላይ ሆነ። ሦስታችንም ማስካችንን አድርገን ከቤክስሊ ወዲያ ያለ አንድ የጠመንጃ ሱቅ ሄድን። በዚያ ዓመት ሁሉም ሰው ሲገዛ ከርሞ የጥይት መደርደሪያዎቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ናቸው። ሻጩ ወፍራም መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ካሳሁን ቀድሞ፣ ሚስቱ ትንሽ ስለሆነች ከሁሉ ቀላሉን እንዲያወጣላት ጠየቀው። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ቀላል ጠመንጃ ሲተኮስ የበለጠ ወደኋላ እንደሚመታ፣ ክብደት ያለው ግን ምቱን ራሱ ላይ እንደሚያስቀረው አስረዳው። ከዚያ ካሳሁንን ትቶ እሷን ማነጋገር ጀመረ። ደስ አለኝ።

ባዶ መሆኑን ከፍቶ ካሳያት በኋላ መጀመሪያ ትልቁን አንሥቶ አሲያዛት። ክንዷን አጥፋ ሰደፉን ክርኗ መታጠፊያ ላይ አስደገፈች፤ ጣቷ ምላጩ ጋ አልደረሰም። ወደ ትከሻዋ ስታነሣው ደግሞ እንዳይከብዳት ከወገቧ ወደኋላ ዘመም አለች። «አየሽ፣ ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም። ሰደፉ ላንቺ ረዥም ነው፤ ስለዚህ ትከሻሽ ላይ በትክክል አይቀመጥም። ጫማ ሳይሆንሽ ሮጠሽ ወደቅሽ፣ ሌላ ነገር የለም» አላት። ከዚያ ትዌንቲ ጌጅ የሚባለውን፣ ጥይቱ አነስ ያለውን፣ ሰደፉ አጭር የሆነውንና ጫፉ ላይ ወፍራም ጎማ ያለውን አወጣላት። አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙራ ያዘችው። ጣቷ ምላጩ አጠገብ ደረሰ። ጉንጯ እንጨቱ ላይ አረፈ፤ ወገቧም ቀጥ አለ። ማስኩ ፊቷን ቢሸፍነውም ዓይኗ ሲስቅ አየሁት። ልብስ በልኬ አገኘሁ ብላ የምትደሰት ሴት ነበር የምትመስለው። «ይሄ የኔ ነው» አለችን በአማርኛ።

ሽማግሌው እንግዲህ መጠየቅ ያለበትን ጠየቀ። ጠመንጃውን የምትይዘው እሷ ብቻ ናት ወይስ ባልየውም? ከሳጥኑ ውስጥ ሰደፉ ላይ እየተጨመሩ የሚያስረዝሙ ቁርጥራጮች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሁለቱም የሚይዙት ከሆነ መካከለኛ ቁመት ላይ ያደርገዋል፤ ለሷ ትንሽ ይረዝማል፣ ለእሱም ትንሽ ያጥራል፣ ግን ይጠቀሙበታል። ባልና ሚስት ሲመጡ ብዙ ጊዜ እንዲህ አድርጎ እንደሚሰጣቸው ነገረን።

ካሳሁን ስልኩን እያየ ነበር። ቀና እንኳ ሳይል፣ «አይ፣ ለሷ ብቻ ነው» አለው።

ምንም ክፋት አልነበረበትም። ስኳር ትፈልጋለህ ሲሉት አልፈልግም እንደሚል ሰው ነው የመለሰው። ለዚህ ነው የባሰው። ማታ ማታ ቤቱ ሊገባ ያሰበ ሰው፣ ቢያንስ ትንሽ ያስብ ነበር። ወሰንየለሽ ጠመንጃውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሎካሉን ስትይዝስ?» አለችው።

«እሱማ እናያለን።»

«ሎካሉን ስትይዝስ ነው ያልኩህ፣ ካሳሁን።»

«ወሰኔ፣ እባክሽ ሰው ፊት አታድርጊው።»

«እትዬ ውቤ ቤተሰብ ናቸው። ሰውየው አማርኛ አይሰማም። ንገረኝ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ያንን የሚያህል ሰው ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ቆመ። «ከዳላስ የሚነሣ ሥራ ይዣለሁ፤ ባለፈው ወር ነው የፈረምኩት። እዛ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይተናል። ሲመቸኝ ልነግርሽ ነበር» አላት።

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። እሷ እጄን ያዘችኝና ተውኩት። ሽማግሌው ቋንቋውን ባይሰማም ነገሩ ገብቶታል መሰለኝ፣ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። ወሰንየለሽ ዞር ብላ ይህኛውን እንደምትወስድ ነገረችው። ወንጀል እንደሌለባት የሚታይበት የመንግሥት ማጣሪያ ተደርጎ እስኪያልፍ ቆመን ጠበቅን። ሽማግሌው ጠመንጃውን ሳጥን ውስጥ ሲከት ማስረዘሚያዎቹን አንሥቶ፣ ለማንኛውም አብሬ ልክተታቸው ወይ አላት።

«አያስፈልግም። ቤቴ ውስጥ ከኔ የሚረዝም ሰው የለም» አለችው በእንግሊዝኛ፤ ረጋ ብላ፣ አንድም ቃል ሳይጠፋት።

ካሳሁን ሰማ።

በማግሥቱ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ጭቅጭቅ አልነበረም አለችኝ በኋላ፤ መጨቃጨቅ እንኳ አብሮ መኖር ይፈልጋል። እኔም እንዳልረብሻት ብዬ ሁለት ቀን ተውኳት፤ ሥራም ፈረቃችን አልገጠመም። ብቻ በመስኮቴ መብራቷን አያለሁ። ምን ሆና ይሆን፣ ጠመንጃ ያለበት ቤት ውስጥ ብቻዋን እንደዚያ ተከፍታ እያልኩ መጋረጃዬን ስገልጥ ሰነበትኩ። ሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ።

«እትዬ ውቤ፣ ተኛሁ እኮ! ማታ ከሥራ ገብቼ ጋደም እንዳልኩ፣ እስካሁን።»

«ተመስገን! ጠመንጃው ነዋ» አልኳት።

«ጠመንጃውማ ተቆልፎበታል፤ ጥይቱም ሌላ ክፍል ነው። እሱ አይደለም» አለችኝ። «ለካ ሌባ ፈርቼ አልነበረም እንቅልፍ ያጣሁት። መኪና ባለፈ ቁጥር እነቃ የነበረው፣ እሱ መጣ ብዬ ነው። አሁን የማዳምጠው ነገር የለም።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ደግ ነገር ብዬ ይሆናል። ስልኩን ዘግቼ ኩሽናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩላት።