የኦቦ ጀማል አረንጓዴ ማሊያ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ከጥምቀት ሰሞን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ ይህች ግን ከሆዴ አልወጣችም። ቅናት የሚባለውን ነገር በልጅነቴ የጨረስኩት ይመስለኝ ነበር። ለካ ገና አልጀመርኩትም።

የምኖረው ጭሮ ነው። አባቴ ከስልጤ መጥቶ እዚህ ልብስ ሰፊ ሆነ። እኔ ደግሞ ቤቱን የስፖርት ልብስ መሸጫ አደረግኩት። የስፌት መኪናው ግን አሁንም ጥግ ላይ አለ፣ እሰፋበታለሁ።

ሱሴ አሮጌ ማሊያ መሰብሰብ ነው። የውጭ ክለቦችን ማሊያ አይደለም፤ እሱን ማንም ያገኘዋል። እኔ የምፈልገው የጭሮ፣ የበደሳ፣ የገለምሶ ልጆች ድሮ ለብሰው የተጫወቱበትን ነው። አሮጌ ማሊያ ያለው ሰው መኖሩን ከሰማሁ ከሱቄ አዲስ ይዤ እሄድና እንለዋወጣለን። እምቢ ካለ ተመልሼ እሄዳለሁ። ባለቤቴ፣ «ሰው ወርቅ ይሰበስባል፣ አንተ የሰው ላብ ትሰበስባለህ» ትለኛለች።

አንድ ማሊያ ብቻ አቃጠለኝ፤ የኦቦ ጀማል። ኦቦ ጀማል የጭሮ በረኛ ነበር። ልጅ ሆኜ ከሜዳው አጥር ላይ ተንጠልጥዬ አይቼዋለሁ። አንገትጌው ነጭ የሆነ አረንጓዴ ማሊያ ይለብስ ነበር። አሁን አርጅቶ ቦርደዴ ነው የሚኖረው። ስንት ጊዜ ሄድኩበት! በሄድኩ ቁጥር ሻይ ያስቀዳልኝና፣ «ጠፍቷል ሙራድ፣ ጠፍቷል» ይለኛል።

በየዓመቱ የአካባቢያችን የኳስ አፍቃሪዎች ጭሮ ላይ እንሰባሰባለን። ከየከተማው ሰው ይመጣል፣ የድሮ ተጫዋቾች ይጋበዛሉ፣ ቀኑን ሙሉ ወሬው ኳስ ነው። የአዳራሹ አንድ ግድግዳ ሁልጊዜ የእኔ ነበር። ማሊያዎቼን እሰቅላለሁ፣ ሰው ይሰበሰባል፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ አስረዳለሁ።

ያን ዓመት ስደርስ ትይዩ ያለው ግድግዳም ማሊያ ተሰቅሎበታል።

አዘጋጁ የስፖርት መምህሩ ታደሰ ነው። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ወዳጄ ነው። «ይሄ የማነው?» አልኩት።

«የሲስተር ኑሪያ ነው። ገለምሶ አዋላጅ ነርስ ናት። እሷም እንዳንተ ትሰበስባለች» አለኝ፣ የምሥራች የነገረኝ መስሎት።

ሄጄ አየሁ። ባላይ ይሻለኝ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ በፎቶ ያየኋቸው ማሊያዎች አሏት። ከየት እንዳመጣቻቸው ጠየቅኳት። ቀይ ሻሽ ያሰረች፣ ሳቂታ ሴት ናት።

«ሰው ነው የሚሰጠኝ» አለች። «ወንድሜ ተጫዋች ነበር። አንዴ የእሱን ማሊያ ቢሮዬ ሰቀልኩት። ከዚያ ያዋለድኳቸው ሰዎች እያዩ የአባታቸውን፣ የአጎታቸውን ማምጣት ጀመሩ።»

እንዲሁ ይሰጧታል! እኔ በፀሐይ በአቧራ ተንከራትቼ፣ ለምኜ፣ ተለዋውጬ ያገኘሁትን እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታገኘዋለች። ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ሰው እየመጣ ስለ ማሊያዎቼ ይጠይቀኛል፣ ዓይኔ ግን ወዲያ ማዶ ነው። እዚያ የቆመው ሰው ይበዛል። ሲስቁ ይሰማኛል። የእኔ ግድግዳ ጋ የሚስቅ የለም።

ከምሳ በፊት ኦቦ ጀማል በበሩ ገባ። ከዘራውን ይዟል፣ በሌላ እጁ ፌስታል አንጠልጥሏል። ከፌስታሉ አፍ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል።

ሐሳቡን ለውጦ አመጣልኝ አልኩ። ሮጬ ተቀበልኩት።

«አሰላሙ አለይኩም ኦቦ ጀማል! እንኳን ደህና መጡ!»

«ወአለይኩም ሰላም ሙራድ። አካም ጅርታ?» አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያም አልፎኝ ሄደ። ቀጥ ብሎ ወደ ሲስተር ኑሪያ ሄዶ ፌስታሉን አስታቀፋት።

እሷ ማሊያውን አውጥታ ስትዘረጋው አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄን እንጂ ሌላውን አትጠይቁኝ።

አላስችል ሲለኝ ጠጋ ብዬ፣ «ኦቦ ጀማል፣ ጠፍቷል ብለውኝ አልነበር?» አልኩት።

አላፈረም። «አልሰጥህም ብልህ ታዝናለህ። ጠፋ ማለት ይሻላል ብዬ ነው» አለኝ። «ልጄ ገለምሶ ነው ያገባችው። ስትወልድ ደም ፈስሷት፣ አለቀላት ተብሎ ነበር። ይቺ ሴት ናት ያተረፈችልኝ። ታዲያ ምን ልስጣት?»

ይሄ ይበልጥ አቃጠለኝ። እሷ የሰው ነፍስ አትርፋለች፣ እኔ ቁምጣ ሸጫለሁ። በምን አፌ እከራከራለሁ?

ስብሰባው ሊበተን ሲል ሲስተር ኑሪያ ማሊያውን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ጀርባውን ብል በልቶታል፣ ብብቱ ተቀዷል፣ አንገትጌው ተተርትሯል።

«ወንድሜ ሙራድ፣ ልብስ ሰፊ ነህ አሉኝ። እኔ የሰው ቆዳ እንጂ ጨርቅ መስፋት አልችልም። ታስተካክልልኛለህ?»

እንዲህ ሆኖ ያን ሁሉ ዓመት የተመኘሁት ማሊያ የሰው ንብረት ሆኖ ቤቴ ገባ።

በማግሥቱ ለምሳ ስዘጋ በሩን ቆልፌ ለበስኩት። ሆዴ ላይ አልወርድ አለኝ። መስታወት ፊት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፣ ኳስ እንደሚይዝ ሰው። ባለቤቴ በጓሮ በር ገብታ አየችኝ። ምሳውን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ቀን የበለጠ አፍሬ አላውቅም።

መስፋቱን ግን አልጀመርኩም። ሲስተር ኑሪያ ስትደውል፣ «ክሩን እያፈላለግኩ ነው» እላታለሁ። ክሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን፣ «አይዞህ፣ አትቸኩል። አንተ ጋ ካለ ሐሳብ የለኝም» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ተነስቼ መሳቢያውን ከፈትኩ።

ጀርባውን ጣፍኩ፣ ብብቱን ገጠምኩ። አንገትጌው ላይ ስደርስ ድሮ እንዴት ተሰፍቶ እንደነበር ግራ ገባኝ። ኦቦ ጀማል ዘንድ ደውዬ ስለ አንገትጌው ጠየቅኩት።

«እሷን እንዳትነካት!» ብሎ ጮኸ። ደነገጥኩ።

«ምኑን?»

«የአንገቷን ቀዳዳ! ድሬዳዋ ላይ ነው። ማለቂያው ላይ የማዕዘን ምት መጣ። ዘለልኩ። አጥቂያቸው ከኋላ አንገቴን ያዘኝ። ማሊያው ቀርርር ሲል ሰማሁት፣ ትንፋሼ ተቆረጠ። ኳሷን ግን አልለቀቅኩም። ይዣት ወደቅኩ። እናቴ ልትሰፋው ስትል እንኳ እምቢ አልኳት።»

የእኔ ካርድ አለቀና ተቋረጠ። ወዲያው ራሱ መልሶ ደወለ። ስለዚያ አጥቂ፣ በጭነት መኪና ላይ እየዘፈኑ ስለ መመለሳቸው፣ በረኛ ሲሆን ስለ ተቆጡት አባቱ አወራኝ። ሱቅ የገባ ገዢ ቆሞ ቆሞ ሄደ። ያን ሁሉ ጊዜ ቤቱ ስመላለስ ስለ ማሊያው እንጂ ስለ ጨዋታው አንድ ቃል ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ማሊያውን በወረቀት ጠቅልዬ በሚኒባስ ገለምሶ ሄድኩ። ሲስተር ኑሪያ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተቀበለችኝ። ስፌቱን በጣቷ እያሻሸች አደነቀች። አንገቱ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ይህችን ረሳሃት?»

«አልረሳኋትም» አልኩና ነገርኳት። ድሬዳዋን፣ አጥቂውን፣ ኳሷን፣ እናቱን፣ ሁሉንም።

ስጨርስ ፈገግታዋ ጠፍቷል። ማሊያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ለእኔ እኮ ይህን አልነገረኝም» አለች ቀስ ብላ።

ያንን ፊት ወዲያው አወቅኩት። ወር ሙሉ መስታወት ውስጥ ሳየው የከረምኩት ፊት ነው። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለኝ።

«ምናልባት አልጠየቅሽው ይሆናል» አልኳት። እኔም እስከዚያ ሳምንት ጠይቄው እንደማላውቅ ግን አልነገርኳትም።

ምሳ ጋብዛኝ፣ እስከ መናኸሪያው ሸኝታኝ ተለያየን።

አሁንም እቀናለሁ። ማሊያው የእሷ ነው፣ ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ባሰብኩት ቁጥር እዚህ ደረቴ ላይ ቆንጠጥ ያደርገኛል። ደግ ሴት መሆኗም ቅናቴን አልቀነሰልኝም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ኦቦ ጀማል ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውልልኛል። እሷ ደግሞ እሑድ ትደውልና፣ «ትናንት ምን አለህ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። ግማሹን ብቻ።