ከሰማይ ለቅሶ የደረስን ቀን

እኔ ከፍታ የሚባል ነገር አልወድም። ባጃጅ እንኳ ቁልቁለት ላይ ሲፈጥን «ኧረ ቀስ!» የምል ሰው ነኝ። ያን ሰሞን ግን መሥሪያ ቤታችን ጎርፍ የቦረቦረውን መሬት ከላይ ፎቶ ሊያስነሳ ጋይሮፕሌን የምትባል ትንሽ በራሪ ጉድ አስመጣ። ለአብራሪው ቀበሌዎቹን የሚያሳይ ሰው ሲጠፋ «እሱ አገሩን ያውቃል» ብለው እኔን ሰጡት። በር የላት፣ ጣሪያ የላት፤ ከአናቷ ክንፍ ይዞራል፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ይቀመጥባታል። ስትቆም የምትለብሰው ነጭ ሸራ ተጠቅልሎ ከኋላዬ በገመድ ታስሯል።

አረካን አለፍ እንዳልን ሞተሩ አንዴ ሁለቴ ሳል አደረገና ጸጥ አለ። የአናቷ ክንፍ በነፋሱ ብቻ እየዞረ ቁልቁል መውረድ ጀመርን። ያን ጊዜ ነው ከታች ለቅሶ የሰማሁት። እውነቴን ነው፣ ለእኛ የሚያለቅሱ መሰለኝ። «ጌታ ሆይ፣ ገና ሳንሞት!» አልኩ።

በእኛ አገር በወላይታ ያልታረሰ፣ ቤት ያልተሠራበት ሰፊ ቦታ ከተገኘ ሰው ተሰብስቦ የሚያለቅስበት የለቅሶ ሜዳ ነው። አብራሪው እንግዳ ነው፣ ምን ያውቃል? አረንጓዴ አየና ወደዚያ አዞራት። «ሰው አለበት!» ብዬ ጮኽኩ፤ ሌላ ቦታማ የለም። ሰዉ ግራና ቀኝ ሲበታተን ሳሩ ላይ ተንደርድረን ቆምን። ተመስገን፣ የተጎዳ የለም።

ለቅሶው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ለሞተ ልጅ ነበር። አስከሬኑ አልመጣም፤ የመጣው መርዶው ብቻ ነው። ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት፣ ሁሉም ሲሸሽ ወደ እኛ የሚሮጡ አንዲት እናት ነው። እኔን አላዩኝም። እጃቸውን ከኋላዬ ባለው ሸራ ላይ አሳርፈው በወላይትኛ «ልጄን አመጣችሁልኝ?» አሉ።

«እናቴ፣ ሸራ ነው። ባዶ ነው» አልኳቸው እንደምንም።

«ፍታው።»

ፈትቼ ሳሩ ላይ ዘረጋሁት። ተንበርክከው ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት፤ ገለበጡት፤ እንደገና ዳበሱት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መትረፌ ራሱ አሳፈረኝ።

ከዚያ ሸራውን አጥፈው ሰጡኝና ገና ያኔ ፊቴን አዩት። «እናት አለችህ?»

«አለች፣ አረካ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድ፣ ትይህ።»

ሄድኩ። እናቴ አቧራዬን አይታ «ምነው፣ በደህና?» ብትለኝ «በዚህ ሳልፍ ነው» አልኳት። ቆጮ አቀረበችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስበላ ታየኝ ጀመር። ቀና ብዬ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም፤ እኚያ እናት አሁንም ሜዳው ላይ ተንበርክከው ሸራውን የሚዳብሱ መሰለኝ። እስከ ዛሬም ይመስለኛል።