ጥቁርና ነጭ የሆነችው ፋና

ውብሸት ቁጭ ማለት የማይችል ሰው ነው። ሲኒማ ራስ አጠገብ ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አንዲት ወንበር አለች፤ የሚቀመጡባት ግን ደንበኞቹ ናቸው። እሱ ኮምፒውተሩን ቆሞ ይነካካል፣ በር ላይ ወጥቶ ያያል፣ ይመለሳል። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፣ ፍሬም እሸጣለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ «እባክህ አረፍ በል» ስለው ኖሬአለሁ፤ ከግድግዳ ጋር ማውራት ነው።

እንጀራው የሙታን ፎቶ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ የሠርግ ወይም የመታወቂያ ፎቶውን ያመጣል። ውብሸት ጥቁርና ነጭ አድርጎ ያሳድገዋል፣ እኔ ፍሬም ውስጥ አስገባዋለሁ። «ማን ሞተባችሁ?» ብሎ ግን ጠይቆ አያውቅም። ቁስል መነካካት ነው ይላል። ነጠላዋን ዘቅዝቃ የመጣችውን ያይና ዝም ብሎ ይሠራል። በዚህ ጨዋነቱ አደንቀው ነበር።

ባለፈው ጥር እትዬ የሺ ከአማኑኤል ሰፈር መጡ። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። የልጃቸውን የፋናን ትንሽ ፎቶ ሰጡትና «አሳድግልኝ» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ሲመለሱ ፋና ጥቁርና ነጭ ሆና፣ ፍሬም ገብታ ጠበቀቻቸው።

«ልጄ ቤሩት ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ትናንት የመጣሁት ከጎረቤት ቀብር ነበር።»

ውብሸት ፍሬሙን ቶሎ በፊቱ ደፋው።

«ከደወለች ሁለት ወሯ። አንተ ደግሞ አሟረትክባት።»

እዚያው ባለቀለሙን ሠራላቸው። አልወሰዱም። «ድምጿን ሳልሰማ አንዱንም አልነካም» ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ የሰውዬው መቁነጥነጥ በሽታ ሆነ። ምሳውን እንኳ እየተንጎራደደ ይጎርሳል። አማኑኤል ድረስ ይሄድና በራቸውን ሳያንኳኳ ይመለሳል። ጥቁርና ነጩን ፎቶ ከፍሬሙ አውጥቶ ሊቀድደው ያነሳል፣ ፊቷን መቅደድ ይፈራል፣ መልሶ ያስቀምጣል። አናደደኝ።

«ፎቶ ሰው አይገድልም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

አላመነም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩም፤ ፍሬም ያስገባኋት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት እትዬ የሺ ከመንገዱ ማዶ ታዩ። ሁለታችንም ፊታቸውን ሳይሆን ነጠላቸውን አየን። ጥለቱ ወደ ታች ነው፤ አልተዘቀዘቀም።

«ደወለች» አሉ ገና ሳይገቡ። «አሠሪዋ ስልኳን ቀምታት ነው። ፎቶዬን ስጠኝ።»

ውብሸት ባለቀለሙን በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«ያኛውስ?»

«እትዬ የሺ፣ ያንን ይተዉት። ይቅር ይበሉኝ።»

«ልጄ እኮ ናት» አሉ። «እዚህ ከሙታን መሃል ጥያት ልሂድ?»

ሁለቱንም ነጠላቸው ውስጥ ሸፍነው ወጡ። ውብሸት በዓይኑ ሸኛቸው፤ ከዚያ የደንበኞቹ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።