የወይዘሮ አስካለ የእንቅርት ክኒን

ጦር ኃይሎች አጠገብ ባለ ሆስፒታል፣ የካንሰር መድኃኒት በሚሰጥበት በኬሞ ክፍል ነርስነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከኋላ የሚታሰረውን ጋውን በፊት ለፊት አስሬ ገባሁ። ሕሙማኑ ሳቁ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ብርቄ ግን አልተቆጡም፤ "ዛሬ አስቀሻቸዋል፣ ነገ መርፌ ትይዣለሽ" አሉኝ።

ከዓመታት በኋላ ወይዘሮ አስካለ መጡ። ኮልፌ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። የጡት ካንሰራቸው ከቀዶ ጥገናው በፊት እንዲቀንስ ኬሞ ታዞላቸው ነበር። ድሮ እንቅርታቸው በቀዶ ጥገና ስለወጣ፣ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ክኒን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይውጣሉ። ደም ሥራቸው ሲጠፋብኝ "ይሄኛው ክንድ ሱቁን ዘግቷል፣ ወዲያኛውን ሞክሪ" ይሉኛል።

ለአራተኛው የኬሞ ዙር ሲመጡ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያልባቸዋል። የልብ ምታቸውን ብቆጥር ከመቶ ሃያ በላይ ነው። ደረጃ ስለወጣሁ ነው አሉኝ፤ እሳቸው ግን ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ነበር። ትኩሳት የላቸውም። ምን ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ጠየቅኳቸው።

ልጃቸው በር ላይ መቆሟን አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ። "በስልክ አይቼ ነው። የእንቅርቱ ሆርሞን ኬሞውን ያበረታዋል ይላል። አንዱን ሦስት አደረግኩት።"

መርፌውን አስቀምጬ የክፍሉን ሐኪም ዶክተር ሳምሶንን ጠራሁ። አጠገባቸው ተቀምጦ በቀስታ አስረዳቸው። ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ተመራማሪዎች ያጠኑታል። ሆርሞኑ የካንሰሩን ሴሎች ቀስቅሶ ለኬሞው ያመቻቻል የሚሉ አሉ፤ የካንሰሩን ዕጢ ያሳድጋል ብለው የሚሰጉም አሉ።

"ቁርጡን እኔም አላውቅም" አላቸው። "የማውቀው ክኒኑ በዝቶ ልብዎ እየሮጠ መሆኑን ነው። ይህ ኬሞ ደግሞ ራሱ ልብን ይፈትናል።"

ደማቸው ለምርመራ ተወሰደ፣ የኬሞው ዙርም ለሌላ ቀን ተላለፈ። ወይዘሮ አስካለ የፈሩት ይህንኑ ነበር። "ዕጢውስ እኔን ይጠብቃል?" ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸውን ለዶክተር ሳምሶን አደረስኩ። እሱም ጥቂት ቀን መዘግየቱ ልባቸውን ከመጉዳት እንደሚሻል ነገራቸው።

ከዚያ በየጠዋቱ ደወልኩላቸው። ስልኩን ሲያነሱ ሰላምታ የለም፤ "አንድ ብቻ" ይሉና ይስቃሉ። የልብ ምታቸው ሲረጋጋ ኬሞው ቀጠለ። ዕጢው ቀነሰ፣ ቀዶ ጥገናውም በደህና አለቀ። ክኒኑ ረድቶ እንደሆነ ጎረቤት ሲጠይቃቸው "እሱን ለሐኪሞቹ ትቼዋለሁ፤ እኔ ጨርቄን እሸጣለሁ" ይላሉ አሉ።

ካርዳቸው ላይ "የእንቅርት ክኒን፣ በቀን አንድ" ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ እኔም አንብቤ አልፌው ነበር። ካርድ ላይ ያለውና በሽተኛ የሚውጠው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። አሁን በየዙሩ እጠይቃለሁ፤ ለካንሰሩ ያልታዘዘውንም መድኃኒት ጭምር።