በሞተሩ ውስጥ የተገኘችው ቆርቆሮ

አውሮፕላን በሚጠገንበት ሃንጋር ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «እስኪ ልየው» ነው የሚለው። የአውሮፕላን ሞተር ሲጠግን በኖረባቸው ሃያ ስድስት ዓመታት ከአፉ የማትለየው ቃል እሷ ናትና። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት እንደ እሱ ከልቡ ያመነ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ሚስቱ የዘጋችውን በር ተነስቶ ይገፋዋል። ልጁ «አንደኛ ወጣሁ» ስትለው ካርዷን ሳያይ አይስቅላትም።

አንድ ቀን ከሰዓት ከበረራ የተመለሰ አውሮፕላን እየተሽከረከሩ አየር ከሚስቡት የሞተሩ የፊት ብሌዶች ሦስቱ ተሸርፈው ተገኙ። እስኪ ልየው ጥፍሩን በሽርፋቱ ላይ አንሸራተተ። ሁለቱ ብዙም ስላልተጎዱ በሞረድ ተፍቀው ይለሰልሳሉ። የሦስተኛው ጉዳት ግን ከልክ አልፏል፤ ብሌዱ መቀየር አለበት። ሚዛኑ እንዳይዛባ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ያለውን ጤነኛ ብሌድም አብሮ ማውጣት ግድ ነው።

«ወፍ ይሆናላ» አለ የፈረቃው አለቃ።

«ወፍ ቢሆን ላባው የታለ? ይኼ ሰው የጣለው ብረት ነው።»

ሞተሩን ትናንት ፈትሾ፣ ፈርሞ የዘጋው አማቹ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር። እስኪ ልየው በሰው ሁሉ ፊት ዞሮ «ምን ረስተህበት ነው?» አለው።

«ጋሼ ሙት፣ መሣሪያዬን ቆጥሬ መስቀያው ሰሌዳ ላይ መልሻለሁ። አንድም አልጎደለም።»

«ቆጠርኩ ማለትማ ማንን ያቅተዋል!»

አማቹ ክው አለ። ጥፋቱ የእሱ ከሆነ የሥራ ፈቃዱ መነጠቁ ነው፤ ሌላ ሙያ ደግሞ የለውም። እስኪ ልየው ሄዶ ሰሌዳውን አየ። ሙሉ ነው። ይኼ ጭራሽ አናደደው፤ ሙሉ ነገር አይጥመውም።

ጫፉ ላይ ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ ውስጥ ሰደዱ። ከብሌዶቹ ጀርባ አንዲት የተጣመመች ቆርቆሮ ተቀርቅራለች። በረጅም መቆንጠጫ አወጧት። የኪስ ባትሪ ደረት ኪስ ላይ የሚሰካባት መያዣ ናት።

«ይቺ የሰሌዳው ዕቃ አይደለችም» አለ አማቹ።

አዎ፣ አይደለችም። እስኪ ልየው ገና ሲያያት አወቃት። ትናንት አማቹ ፈርሞ ከወጣ በኋላ፣ ሥራውን ደግሞ ሊያይ ከቤቱ ያመጣትን ባትሪ ይዞ ሞተሩ አፍ ውስጥ ገብቶ ነበር። መያዣዋ መገንጠሏን ያየው ቤቱ ሲደርስ ነው፤ መንገድ ላይ ወድቃ ይሆናል ብሎ ተዋት። ይኼ ሁሉን የሚጠረጥር ሰው ራሱን ጠርጥሮ አያውቅማ።

ዝም ቢል ማንም አይደርስበትም። ዝም ማለት አማረው፤ ስላማረውም አፈረ።

«የእኔ ናት» አለ።

አማቹ ቆርቆሮዋን ትቶ እሱን አየው። «እኔ ዘግቼው ሄጄ የለ? መቼ ገባህ?»

«አንተ ከወጣህ በኋላ።»

«ትናንት ብቻ ነው?»

አብረው መሥራት ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

«ሁሌም» አለ እስኪ ልየው።

አማቹ ጓንቱን አውልቆ ሞተሩ ሥር የቆመው መሰላል ላይ አስቀመጠና ወጣ። ፈቃዱ ተርፎለታል፤ ግን ደስ ያለው አይመስልም ነበር።